እትብት በኪራይ ቤት

በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ከተማ የገባሁት ቀኔ ደርሶ፣ ሆዴ ከፊቴ እየቀደመኝ ነው። ከቡሬ በታች የነበረችውን ቤታችንን ባንዳዎች አቃጥለዋት፣ ባሌም ጫካ ገብቶ፣ ከአማቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር። አማቴ ለማንም የማይበገሩ፣ ለእኔ ግን አንጀታቸው የማይችል ሴት ነበሩ።

በገበያው ዳር አንድ አልቤርጎ ነበር። በፊት ለፊት ጠጅ ይሸጣል፣ በጓዳ በኩል ነጋዴው በየመደቡ ተደርድሮ ያንኮራፋል። አማቴ ገባ ብለው አዩና «እዚህ ምጥ ቢመጣብሽ ማን ውጣ ይባላል?» ብለው እጄን ይዘው መለሱኝ። ጠያይቀን ትውልዳቸው ከአገው የሆነ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ግቢ ደረስን። በጓሮ የሚያከራዩአት ቤት ነበረቻቸው፤ አልጋ ከነቁርበቱ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ እንስራ፣ ሁሉም የተሟላላት። ውሃውንና እንጨቱን ራሳቸው ያመጣሉ፤ ጠዋት ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ዘወር ይላሉ።

ይህ ነገር ለአማቴ ፈጽሞ አልዋጥላቸው አለ። በእኛ ዘንድ የቤቱ እመቤት ካጠገቡ ቆማ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች ካላጎረሰችው እንግዳ እንደተናቀ ይቆጥረዋል። እኚህ ሴትዮ ግን እንጨቱን ደጃፍ አኑረው «እንደምን አደራችሁ» ብለው ይሄዳሉ። «እንግዳ ነኝ እንዳልል የሚያጎርሰኝ የለ፤ ባለቤት ነኝ እንዳልል ቤቱ የሰው» እያሉ አማቴ ያጉረመርማሉ። እኔ ወድጄዋለሁ። ያበጠ እግሬን ዘርግቼ ያሻኝን ቀቅዬ ስበላ የሚያየኝ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ከሠርጌ ወዲህ እንዲያ ተመችቶኝ አያውቅም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ምጡ ሲበረታ ባለቤቲቱ ከኋላዬ ሆነው ወገቤን ደግፈው ያዙኝ፤ ልጂቱ ታጥባ ከተጠቀለለች በኋላ ግን እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ወጡ።

ጭንቁ የመጣው የልጂቱ እትብት ደርቆ ሲወድቅ ነው። እትብት የሚቀበረው በገዛ ቤት ነው፤ ሰው አገሬ የሚለው እትብቱ የተቀበረበትን ነውና። አማቴ በነጭ ጨርቅ ቋጠሩትና «ቤታችን ወስጄ እቀብረዋለሁ» አሉ።

«የቱ ቤት፣ እመት? አመድ እኮ ነው!»

«አመዱም የእኛ ነው። የልጄ ልጅ በኪራይ ቤት ወድቃ አገር የለሽ አትሆንም።»

«መንገዱን ባንዳ ይዞታል፤ ይገድሉዎታል!»

«አሮጊት አይደለሁ? ይግደሉኛ!»

እንደ በቅሎ ግትር ነበሩ። እሳቸውን ካጣሁ በዚያ ከተማ እኔና ልጄ ማንም የለንም። ጮህኩባቸው፤ አልሰማ ሲሉኝ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ባለቤቲቱ ውሃ ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመው ኖሯል፤ ሁሉን ሰምተዋል። እንስራውን አውርደው ሄዱ። እኔም በሆዴ «አይ የከተማ ሰው!» ብዬ ታዘብኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ሊነሡ ሲሉ ሴትዮዋ ዶማ ይዘው መጡ። «ልጂቱን ይዘሽ ነይ» አሉኝ፤ ለአማቴም «እርስዎም ይምጡ» አሏቸው። አራስ ነኝና አማቴ በጋቢ ሸፍነውኝ ግቢውን ተሻግረን ሴትዮዋ ራሳቸው ወደሚኖሩበት ቤት ገባን። እስከዚያ ቀን ደጃፉን ረግጠን አናውቅም። ሴትዮዋ ከምሰሶው ሥር ይቆፍሩ ጀመር።

«ምነዋ እመት፣ ይህ እኮ የእርስዎ ቤት ነው» አሉ አማቴ ደንግጠው።

«የሁለቱ ልጆቼ እትብት እዚህ ነው» አሉ ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ። «እነሱን በአንድ ክረምት ንዳድ ወሰደብኝ። ብቻቸውን ናቸው፤ እህት ትሁናቸው።»

አማቴ ቋጠሮውን ከጉያቸው አውጥተው በሴትዮዋ መዳፍ ላይ አኖሩና፣ አጠገባቸው ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው መለሱት።