ሮማነወርቅ ሳን ሁዋን ደርሳ መጣች

ሮማነወርቅ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው። አጎራባቹ ዉድበሪ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር አውሮፕላን የተሳፈረችው፤ ሦስቱም ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ለለቅሶ። ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። የእናቷና የወንድሞቿ ኑሮ በእሷ ትከሻ ላይ ስለሆነ ስለ መዝናናት ማውራት እንኳ ያሳፍራታል።

በፌብሩዋሪ 2019፣ በረዶው ያንገሸገሻት ጊዜ፣ ርካሽ ትኬት አግኝታ ለአራት ቀን ወደ ፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ፣ ወደ ሳን ሁዋን በረረች። አገሩ የአሜሪካ ስለሆነ ግሪን ካርዷ ይበቃታል፤ ቪዛ የለ፣ ጣጣ የለ። ሻንጣ ስለሚያስከፍል አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ፣ ለቁርስ በሶ፣ ለማደሪያ ስድስት ሴት በሚተኛበት ክፍል አንድ አልጋ። ለማንም አልተናገረችም። «እናቷ አዲስ አበባ እያመማቸው እሷ ባሕር ዳር ትንፈላሰሳለች» መባልን ፈርታ ነው።

እኔ መቼም አላርፍም። ስልኳ ዝግ ሲሆንብኝ አብራት የምትሠራውን ፀጋን ጠየቅኋት። በድንገት ፈቃድ ወስዳለች፣ እሑድ ትመለሳለች አለችኝ። እኛ ዘንድ በድንገት ፈቃድ የሚወስድ ሰው የሞተበት ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል፤ እኔ መላውን ትቼ ወሬ ጨመርኩበትና እናቷ አርፈዋል ብዬ ለሰው ሁሉ ደወልኩ። አራት ቀን ለአዲስ አበባ እንደማይበቃ ማናችንም አላሰብንም። ትርፍ ቁልፏ እኔ ጋ ስለሆነ ቤቷን ከፍተን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ጥቁር ለብሰን፣ አሥራ ሁለት ሆነን ጠበቅናት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ገባች። ውጭ በረዶ ነው፤ እሷ የገለባ ባርኔጣ አድርጋለች፣ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። ጥቁራችንን ስታይ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ሞተብኝ?» አለች።

«አንቺ ንገሪን እንጂ» አልኳት።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቷ ጋ ተደወለ፤ ደህና ናቸው። በቁማቸው ንፍሮ እንደተቀቀለላቸው ሲሰሙ የተቆጡትን ቁጣ አልናገረውም።

ሮማነወርቅ ትንፋሿ ሲመለስ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አወራችን፦ በከተማ አውቶቡስ መዞሯን፣ ሩዝ በቦሎቄ መብላቷን፣ በሳንቲም በምታሻግር ጀልባ ሦስቴ መመላለሷን፣ ቀሚሷን ሰብስባ ባሕር መግባቷን። ስትጨርስ አንገቷን ደፋች።

«ጥፋቴ ነው። ለደስታ ብዬ ነው የሄድኩት።»

እኔማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሐፍረቴ ቅናቴ በለጠ።

ከሁላችን ታላቅ የሆኑት፣ በታመመ ጉልበታቸው ደረጃውን የወጡት እማማ ሲንቄ፣ «ውሃው ይሞቃል?» ብለው ጠየቁ።

«ይሞቃል፣ እማማ።»

«ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ። «ለስደት ሄጃለሁ፣ ለሥራ ሄጃለሁ፣ ለለቅሶ ሄጃለሁ። ለደስታ ብዬ የትም ሄጄ አላውቅም። ሁለተኛ ደብቀሽኝ እንዳትሄጂ።»

ያኔ ሮማነወርቅ አለቀሰች። እኛም ለማልቀስ ተዘጋጅተን ስለነበር አላሳፈርናትም።