ቅጠሉ ላይ ያልነበረው ዝንብ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ አሶሳ፣ ጋሽ ተፈሪ ፎቶ ቤት ነበር። ጉርድ ፎቶ የማነሳ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀለሙ የተላላጠ፣ ትንንሽ ነገር ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ አሮጌ ማክሮ ሌንስ ከመሳቢያ አውጥተው ፊልም ካሜራው ላይ ገጠሙና «ደጅ ውጪ፣ ጉንዳን አንስተሽ ነይ» አሉኝ።

ፊልሙ ሲታጠብ ጉንዳን የለም፤ ጭጋግ ብቻ። ጋሽ ተፈሪ አልተቆጡም። «በዚህ ሌንስ ቀለበቱን እያዞርሽ ፎከስ አትፈልጊም። አንዴ ወስነሽ ተዪውና ራስሽ ጠጋ፣ ራቅ በይ» አሉኝ። ክርንን ከጎን ማጣበቅ፣ ቅጠሉን በያዘው ግራ እጅ ሌንሱን ማስደገፍ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ቁልፉን መጫን ከእሳቸው ተማርኩ። ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ የፀጉር ያህል ስለሆነ የብርሃኑን ቀዳዳ አጥብቦ በፍላሽ ማንሳትንም እንዲሁ። ከጊዜ በኋላ ፎቶ ቤቱን ጨርሰው ሲዘጉ ሌንሱን ከነካሜራው ለእኔ ሰጡኝ።

ኋላ አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት በፎቶ ባለሙያነት ቀጠረኝ። የቢሮው ዲጂታል ካሜራ ለስብሰባና ለሪባን ቆረጣ ይበቃል፤ ከቅርብ የሚያነሳ ሌንስ ግን የለውም። ስለዚህ መስክ ስወጣ የራሴን እይዝ ነበር።

መንጌ አካባቢ ማንጎ ታመመ ተባለና ተላክሁ። እማማ አስያ የሚባሉ የበርታ ባልቴት ጓሯቸው አስገቡኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ሴቷን እኔን «አንተ» ይሉኛል።

«ቅጠል ነጭ ነጭ ሆነ፣ ፍሬ ወደቀ። ምንድን ነው ልጄ? አንተ እይ።»

በዓይን ሲያዩት የዱቄት ብናኝ ይመስላል። በሌንሱ ስጠጋ ቅርፊት ለብሰው ቅጠሉ ላይ የተጣበቁ ተባዮች ናቸው። ንፋሱ ፋታ እስኪሰጠኝ እየጠበቅሁ አንድ ሙሉ ፊልም ጨረስኩ።

ራሴ አጥቤ፣ አትሜ፣ ለእጽዋት ጥበቃ ባለሙያችን አሳየሁት። «ይሄው ነው ተባዩ! በችግኝ ነው የሚዛመተው» አለ። ፖስተር እንዲሠራ ተወሰነ።

ፖስተሩ ታትሞ ሲመጣ ግን የእኔ ፎቶ የለም። ከኢንተርኔት የተወሰደ፣ የሚያብረቀርቅ ዝንብ ነው የተለጠፈበት። ከሥሩ ደግሞ ፎቶ አንሺ ተብሎ የእኔ ስም! በቁጣ ባለሙያውን ይዤ የክፍል ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ቢሮ ገባሁ።

«ይሄ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። እኛ ጋ ያለው ሌላ ነው» አልኳቸው።

«የአንቺ ጥቁርና ነጭ ነው። በዚህ ዘመን ፊልም ማን ያያል? እንግዶች ይመጣሉ፤ ፖስተሩ ማማር አለበት።»

«ገበሬው ዝንብ ፈልጎ ሲያጣ ደህና ነኝ ይላላ!»

«ተባይ ያው ተባይ ነው። አታካብጂ።»

ባለሙያው አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ፖስተሩ በየቀበሌው ተለጠፈ።

በዓመቱ መንጌ ስመለስ እማማ አስያ ዛፎቻቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ዝንብ ፈለግን፣ የለም። የኛ ደህና ነው አልን» አሉኝ። ያፈሉትን ችግኝ ኩርሙክ ለተዳረች ልጃቸው ልከውላት ነበር። አሁን የልጅቷም ጓሮ ነጭ ነጭ ሆኗል።

ያኔ ያነሳሁትን ፎቶ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«ይሄ የኔ ቅጠል ነው! ለምን ይሄን አልለጠፈም?»

በንዴት ተነስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ፎቶውን በትልቁ አትሜ ገበያው ላይና መስጊዱ አጠገብ ለጠፍኩ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ባለሙያው በዚህ ጊዜ አብሮኝ ወጣ፤ የታመመው ቅርንጫፍ ተቆርጦ እንዲቃጠል፣ ችግኝም ከዚያ እንዳይወጣ ለሰዉ አስረዳ። የእማማ አስያ ዛፎች አቆጠቆጡ። የልጃቸው ዛፎች ግን አብዛኞቹ ከሥር ተቆረጡ።

አቶ ደረጀ «ያለ ፈቃድ ለጥፈሻል» ብለው አስጠነቀቁኝ።

«መጀመሪያ ስሜን ከዝንቡ ሥር ያንሱልኝ» አልኳቸው። አላነሱም። ዕድገት አግኝተው ሄዱ፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ የታመመውን ቅጠል ከታመመው ዛፍ ላይ አንሱ። ስማችሁ ያለበትን ነገር ከመታተሙ በፊት እዩ፤ ፎቶው የእናንተ ካልሆነ አስቁሙት። ከተለጠፈ በኋላ መጮህ ችግኙን ከመንገድ አይመልሰውም።