ክር የሌለው ስፌት

ሰፈሩ ሁሉ «ባለመኪናዋ» ይላታል። መኪናው የስፌት ነው፤ በእግር የሚረገጥ፣ ጥቁር ቀለሙ በመዳፍ ብዛት የተላጠ፣ ከገባበት ቀን ጀምሮ ከበሩ ወጥቶ የማያውቅ። «ነዳጅ አይጠጣ፣ ትራፊክ አያስቆመው፤ ምን ጎደለኝ?» ትላለች። ቆማ ስታወራ እንኳን የቀኝ እግሯ ጣቶች መሬቱን ቀስ ቀስ እያሉ ይረግጡታል፤ ውስጧ ተቀምጦ ያለማቋረጥ የሚያዜም ሰው ያለ ይመስል።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። መኪናው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ አልጋው ከመኪናው አንድ ክንድ አይርቅም፤ ማብሰያው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ባሏ የሞተው ልጃቸው ገና ሳትድህ ነበር። ያን ጊዜ ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ታስተኛትና እግሯ ሥር አስቀምጣ ትሰፋ ነበር። ፔዳሉ ሲሄድ ሕፃኗ ጭጭ፤ ፔዳሉ ሲቆም እሪታ። «አለቃዬ ናት፤ ሥራ ሳቆም ትቆጣለች» እያለች ደንበኞቿን ታስቅ ነበር።

ያቺ አለቃ አሁን አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። በቁመት እናቷን አልፋለች፤ በትምህርትም የሳይንስ ክፍል ገብታለች። ሐሳቧ ፋርማሲስት መሆን ነው፤ ስለ መድኃኒት ስታወራ ዓይኗ ያበራል።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ትምህርት ቤቱ እናትየዋን አስጠራት። የሒሳብ መምህሩ ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ ያለበት፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሳበላትና የፈተና ወረቀት ፊቷ ዘረጋ።

«ይዩት እስቲ፣ እህቴ።»

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ጥርት ብለው ተሠርተዋል። አራተኛው ላይ ብዕሩ አንድ ቁጥር ጀመረና፣ ሳይጨርሰው ወደ ታች ተንሸራትቶ ከወረቀቱ ጫፍ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ነጭ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ መስመር?»

«እንቅልፍ ነው። ብዕሩን እንደያዘች ነው የተኛችው። ባታውቅ ኖሮ አስጠናት ነበር፤ የምታውቀውን ልጅ ምን ላስጠናት?» ከኮቱ ላይ ጠመኔውን አራገፈ። «ጓደኞቿ ምን ብለው እንደሚጠሯት ያውቃሉ?»

«ምን ይሏታል?»

«ትራስ።»

እናትየዋ ልትስቅ አለችና ወረቀቱን ዳግመኛ አየችው።

«ስንት ሰዓት ትተኛለች?» አላት መምህሩ።

«እኔ ሥራ የማቆመው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ እሷም አትተኛም። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች።» በጣቷ ቆጠረች። «አምስት ሰዓት።»

«በዚህ ዕድሜ ስምንት፣ ቢቻል ዘጠኝ ሰዓት ያስፈልጋል። ቀን ያጠናችው ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ የሚደላደለው እኮ ስትተኛ ነው። አሁን አርባ አንድ አምጥታለች። ከስድስት ሳምንት በኋላ የማጠቃለያው ፈተና አለ። አማካዩ ሃምሳ አምስት መሙላት ስላለበት፣ እዚያ ላይ ስልሳ ዘጠኝ ካላመጣች ከሳይንስ ክፍል ትወጣለች። ደንቡን እኔ መለወጥ አልችልም።»

«ደንቡን አይለውጡ፣ መምህር» አለች እየተነሳች። «እኔ ቤቴን እለውጣለሁ።»

በመንገዷ ሁሉ የታያት ያ መኪና ነው። ልጄን ያላስተኛት የእሱ ጩኸት ነው፤ ሌላ ምን አለ? ቤት ሳትደርስ ወደ ዩኒፎርም ነጋዴው ሱቅ ጎራ አለች። የማታ ሥራዋ ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ማታ አልሰፋም። የቀኑን ያህል ብቻ ስጠኝ።»

ነጋዴው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?»

«ልጄ ትተኛ።»

«የኔም ልጆች ይተኛሉ! ማን ከለከላቸው? ለዚህ ተብሎ ሥራ ይቆማል?»

«የኔ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ ጋሼ።»

«እንዲህ ከሆነ ለሌላ ሰፊ መስጠቴ ነው። በኋላ መጥተሽ እንዳታለቅሺብኝ።»

«ስጥ» አለችው። «ካለቀስኩም እቤቴ ነው የማለቅሰው፤ ያውም ድምፄን ዝቅ አድርጌ።»

የዚያን ዕለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱን አጠፋች፤ መኪናው ዝም አለ። በማግስቱ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋረደች። የግድግዳውን ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለቱ እንዳይሰማ በሻርፕ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቧንቧው እንዳይንጠባጠብ አፉን በቁራጭ ጨርቅ አሰረችው። ጎረቤቷ ስታስነጥስ እንኳን «ዝም በይ» ለማለት ግድግዳውን በቡጢ ትመታለች። ቤቱ የጥጥ ውስጥ ያህል ጸጥ አለ።

ልጅቱ ግን አልተኛችም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጣሪያው ላይ አፍጥጣ ትገላበጣለች። እናቷ «ተኛሽ?» ስትላት «አዎ» ትላለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። የልጅቱ ዓይን ሥር ጠቆረ፤ በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ መምህሩ ደውሎ «እህቴ፣ ባሰባት እኮ!» አለ። እናትየዋ ስልኩን ዘግታ የቧንቧውን ጨርቅ ፈትታ እንደገና አጠበቀችው። ሥራዋን ሰጥታ ጸጥታ ገዝታለች፤ ጸጥታው ግን እንቅልፍ ይዞ አልመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠው። በሩ ክፍት ነው፤ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። እናትየዋ የቀን ሥራዋን ይዛ የትራስ ልብስ ጠርዝ ትሰፋለች፤ ልጅቱ አልጋው ላይ በደረቷ ተኝታ ታጠናለች። መኪናው ሁለት ክንድ ያህል ሳይሰፋ ደብተሩ ከልጅቱ እጅ ወደቀ። ዞር ብላ ብታይ ልጇ አፏን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች፤ ከውጭ ልጆች በኳስ ይጯጯሃሉ፣ መኪናው ይጮኻል፣ እሷ ግን ድንጋይ ናት።

«እሰይ የኔ አበባ» አለች እናት በሹክሹክታ፤ እንዳትረብሻትም እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

የልጅቱ ዓይን ወዲያው ተከፈተ።

እናትየዋ ደነገጠች። እንደገና ረገጠች። ዓይኖቹ ቀስ ብለው ተከደኑ። አቆመች፤ ተከፈቱ። ረገጠች፤ ተከደኑ። በመጨረሻ ስፌቱን ትታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ እስቲ። አንቺ፣ ድምፁ አይደለም እንዴ ያላስተኛሽ?»

«ድምፁማ ምን አደረገኝ?» አለች ልጅቱ ዓይኗን እያሸች። «በፊት ያልተኛሁት አንቺ ስለማትተኚ ነው። አንቺ ተጎንብሰሽ እየሰፋሽ እኔ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ? አንጀቴ እንዴት ይችላል? አሁን ደግሞ ዝም ሲል... አላውቅም፣ እማ። የሆነ ሰው ከቤት የወጣ ይመስለኛል። እስኪመለስ እጠብቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለኔ ብለሽ ሥራ ጥለሽ! ምን ብዬ ልንገርሽ?»

እናትየዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና አቅፋት ቀረች። ጥፋቱ የሁለቱም ነበር፤ አንዷ ሳትጠይቅ ፈረደች፣ ሌላዋ እያወቀች ዝም አለች። ከልጅቱ ፀጉር ላይ ክር እየለቀመች አሰበች፤ አስባ ስትጨርስም እንደ ልማዷ ቆረጠች።

«ሥራው አይመለስም፤ ሰዓቱም አይነካም። ድምፁ ግን ይመለሳል።»

ከዚያን ምሽት ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራቱን ታጠፋለች። መርፌውን ትነቅላለች፤ ክሩን ታወጣለች፤ ጨርቁን የሚይዘውን ብረት ወደ ላይ ታነሳዋለች። ከዚያ በጨለማው ተቀምጣ ፔዳሉን ትረግጣለች። ምንም አይሰፋም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እንደ ሩቅ ዝናብ፣ እንደ መንገደኛ ባቡር። መጀመሪያ ፈጠን፣ ቀጥሎ ዘገም፣ ከዚያ የልጅቱ ትንፋሽ ሲረዝም ፔዳሉም አብሮ ይረዝማል። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ እሷም ጎኗን ታሳርፋለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስታ ከመጋረጃው ጀርባ በትንሽ መብራት ጨርቅ ትቆርጣለች፤ ሲነጋ የሚሰፋው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ጎረቤቷ አንድ ቀን በር ላይ ያዘቻት።

«ስሚ፣ ማታ በጨለማ ምንድን ነው የምትሰፊው?»

«እንቅልፍ።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም፤ በልክ ነው የሚሰፋው። ስምንት ሰዓት ርዝመት።»

«እንግዲያው ለኔም ባል አንድ ስፊለት፤ ማታ ማታ ሬዲዮ ሲነካካ እኔንም አሳበደኝ!»

በአንድ ሳምንት የልጅቱ ፊት ፈካ። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሙሉውን እንደነቃች ጨረሰች። ስትተኛ ያልገባት ቀመር ስትነሳ ቦታውን ይዞ ታገኘዋለች። በፈተናው ዋዜማ ግን ፍርሃት ያዛት፤ «ዛሬ አንድ ቀን ብቻ እስከ ስድስት ሰዓት ላጥና» ብላ ለመነች።

«ያላወቅሽውን በሦስት ሰዓት አታውቂውም፤ ያወቅሽውን ግን በሦስት ሰዓት ታጠፊዋለሽ። ጋደም በይ።»

መብራቱን አጠፋች፤ ፔዳሉን ረገጠች። በዚያ ምሽት ብቻ ከፔዳሉ ጋር አዜመች፤ ግጥሙ ካፏ የወጣ የራሷ ነው።

«ና ግባ እንቅልፍ ሆይ፣ ምን ያቆምሃል ደጅ፣
ነገ ፈተና አላት ያሳደግኳት ልጅ።»

በማግስቱ በትምህርት ቤቱ በር ቆማ ጠበቀች። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። ልጇ ከመሃላቸው ቀስ ብላ መጣች።

«እሺ?»

«አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለት መልስ አገኘሁ። በኋላ ግን ስህተቱን ያዝኩት። አሥር ደቂቃ ተረፈኝ።»

«አሥር ደቂቃ ሙሉ ምን አደረግሽ?»

«በመስኮት አየሁ። ሌሎቹ ሲያዛጉም አየሁ።»

ውጤቱ የወጣው በሳምንቱ ነው፤ ሰባ አንድ። መምህሩ ራሱ ደውሎ «ትቆያለች» አለ፤ እናትየዋም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ስልኩን ዘግታ ፊቷን በያዘችው ሸሚዝ ጠረገችና፣ የደንበኛ መሆኑ ትዝ ሲላት ደንግጣ ልታጥበው ሮጠች።

ማታ ልጅቱ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት።

«እማ፣ ፈተናው አለቀ አይደል? እንግዲህ ነጋዴውን አነጋግሪውና የማታ ሥራሽን ተቀበዪ። እኔ እንደምንም እሆናለሁ።»

«እንደምንም የሚባል ልጅ አልወለድኩም» አለች እናት፣ መርፌውን እየነቀለች። «ፈተናው አለቀ እንጂ አንቺ አላለቅሽም። ገና ሁለት ዓመት ይቀርሻል። ጥርስሽን ቦርሺና ተኚ።»