የማልሱን ዛፍና ተቀላቢዎቹ

ማልሱን ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አርባ አንዱን ያሳለፈችው ጎንበስ ብላ ኦክ የተባለውን የተራራ ዛፍ ፍሬ ስትለቅም ስለሆነ ሰማዩ ምን እንደሚመስል ብትጠየቅ መልስ የላትም። መንደሯ በኮሪያ ተራሮች መሃል፣ አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ በመምጣቱ ተጸጽቶ የሚመለስበት ቦታ ነው።

መኸር በመጣ ቁጥር ተራራውን ስትዞር ትውላለች። ፍሬውን ተሸክማ ታመጣና ውሃ ውስጥ ትደፋዋለች። የተንሳፈፈው ትል ያለበት ነው፤ ይጣላል። የሰጠመው ይፈለፈላል፣ ይፈጫል፣ ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ እንደ ገንፎ ተማስሎ ሲቀዘቅዝና ሲቆረጥ ሙክ ይባላል። ሙክ ብቻውን ምንም አይጣፍጥም። ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ግን “ለጤና ነው” ስለተባሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጥሙታል።

ከቤቷ ጀርባ ያለው ትልቁ ኦክ የአማቷ ነበር። በረሃቡ ዓመት ዘጠኝ አፍ ያጎረሰ ዛፍ ነው፤ አማቷም ይህን ውለታ በየቀኑ ስታመሰግን ኖራለች፤ ምራቷን ለማመስገን ግን ጊዜ አልተረፋትም። ስትሞት እንኳ “ልጄን አደራ” አላለችም። “ዛፌን አደራ፣ ዘሩ እንዳይጠፋ” ነበር ያለችው። ልጇንማ ታውቀዋለች።

ማልሱን ዛፉ ሲያረጅ ስታይ ከሥሩ የወደቀውን እየለቀመች ስድስት ዓመት ተከለች። አንድም አልበቀለም። መጀመሪያ የወቀሰችው ሽኮኮዎቹን ነው። ቀጥላ የጎረቤቷን የፑንጃን ዶሮዎች ወቀሰች። በመጨረሻ ባሏን ዶክቤን፤ እሱ ጥፋተኛ ሲጠፋ ለዚሁ የተቀመጠ ነው።

በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ፣ በሚያዝያ፣ ሱራን የምትባል የደን ባለሙያ የሚቆረጡ ዛፎች የሚመለከቱበትን ቀይ ቀለም ይዛ መጣች። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ዛፉ በኅዳር ይቆረጣል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ለምን እንደሚሰፋ የጠየቀ የለም፤ ማልሱንም የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነበራት።

“ልጄ፣ ቆርጣችሁ ውሰዱት፤ ማን ይከለክላችኋል። ግን የዚህ ዛፍ ፍሬ ለምን እንደማይበቅል ንገሪኝ። ከዚህ መኸር ሌላ የቀረኝ የለም።”

ሱራን ከዛፉ ሥር አፈሩን በጣቷ ጫረች። አንድ ነጭ ወፍራም ትል ወጣ። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ጫረች፤ ሦስት ወጡ።

“እማማ፣ የሚንሳፈፈውን ፍሬ የት ነው የሚደፉት?”

“እዚሁ ነዋ! ‘ከዛፌ ሥር ድፊው፣ ይጠቅመዋል’ አለችኝ አማቴ። በሰው ግቢ ልደፋው ኖሯል?”

“የተራራውንም ሁሉ?”

“የተራራውንም ሁሉ። አርባ አንድ ዓመት።”

ሱራን ሳቋን ዋጠችው። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ እንደሚከርም፣ በሐምሌ አፍንጫ ረጅም ነቀዝ ሆኖ እንደሚወጣና አዲሱን ፍሬ በስቶ እንቁላሉን እንደሚጥልበት ነገረቻት። ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ፍሬው ያለባትን ቅርንጫፍ ከነቅጠሏ ቆርጦ መሬት ይጥላታል።

“ያ በነሐሴ የሚረግፈው አረንጓዴው? እኔ እኮ ነፋስ ነው ስል!”

“ነፋስ መጋዝ የለውም እማማ። የተራራውን ነቀዝ በጀርባዎ እየተሸከሙ አምጥተው እዚህ አሰፈሩት።”

ማልሱን ቁጭ አለች። ለባሏ ቁርስ የምታዘገይባቸው ቀናት ነበሩ፤ ለነቀዝ ግን አንድ መኸር አላስቀረችበትም። “ስንቱን ስቀልብ ኖሬአለሁ” አለች።

በማግስቱ በበርበሬው ማሳ አረም እንዳይበቅል የተገዛውን ጥቁር ፕላስቲክ ጎትታ አመጣችና ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት በሙሉ አለበሰችው፤ ዳሩ ላይ ድንጋይ ጫነችበት። ከታች ያለው እንዳይወጣ ነው።

ፑንጃ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። “እትዬ፣ ለዛፉ ካልሲ አጠለቅሽለት? ሊሞት ሲል በረደው እንዴ?”

“በረደው። ያንቺ ዶሮዎች ላባ እስኪያዋጡለት ነው።”

ዶክቤ ደግሞ እንደ ልማዱ በልጃቸው ስም እየጠራት “የቢዮንጉ እናት፣ በርበሬዬ አረም ሊውጠው ነው!” ብሎ ጮኸ።

“እጅ አለህ አይደል? ንቀለው።”

ዶክቤ እጅ እንዳለው የሰማው የዚያን ቀን ይመስል እጆቹን አያቸው።

ነሐሴ ሲገባ ቅርንጫፎች ረገፉ፤ የሚበር ነገር ከሌላ ዛፍም ይመጣል። ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ማልሱን በየጠዋቱ ፕላስቲኩን ጠርጋ የወደቀውን ከነቅጠሉ ምድጃ ውስጥ ትከታለች። ዶክቤ አረሙን ሲነቅል ወገቡ ተቆረጠ ብሎ ሦስት ቀን ተኛ፤ የነቀለው ሁለት መደብ ነው።

በጥቅምት ከዛፉ የወረደውን ለቀመችና የውሃው ገንዳ ውስጥ ደፋችው። ስድስት ዓመት ስትተክል የዚህን ዛፍ ፍሬ አንድም ጊዜ በውሃ ፈትናው አታውቅም፤ ውሃው ለሙክ እንጂ ለዘር መስሎ አልታያትም ነበር። ብዙው ተንሳፈፈ። በእጇ ገፋ አድርጋ ወደ ታች አየች። አሥራ አንድ ፍሬ ከሥር ተኝቷል። ከገንዳው አንድ በአንድ አውጥታ በጉያዋ ያዘቻቸው።

“ሙክ ይወጣዋል?” አለ ዶክቤ ከኋላዋ።

“አንተን ነው የማማስልህ!”

የተንሳፈፈው በቀጥታ ምድጃ ገባ። አሥራ አንዱን አፈር በሞላው አሮጌ የኪምቺ ጎመን ማቡኪያ እንስራ ውስጥ ተከለችና፣ ለሽኮኮዎቹ ካላት አክብሮት የተነሳ፣ አፉን በወንፊት ሽቦ ጠፍራ አሰረችው። በኅዳር ሰዎቹ መጡ። ዛፉን ለመጣል የፈጀባቸው ከምሳ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ማልሱን ጀርባዋን ሰጥታ በርበሬ ስትቀነጥብ ቆየች።

በግንቦት የአማቷ የሙት ዓመት ደረሰ። እንደ ልማዱ ሩዙ፣ ዓሣው፣ አረቄውና ሙኩ ለሟቿ በተዘጋጀው ገበታ ላይ ተደረደሩ። ማልሱን ወጣ ብላ እንስራውን እያንፏቀቀች አመጣችና ከገበታው አጠገብ አቆመችው። ከአሥራ አንዱ አራቱ በቅለዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቅጠል ይዘዋል።

ሰገደችና “እናቴ፣ ዘሩ ይኸውልዎ” አለች። “ነቀዙን ሲያስቀልቡኝ የኖሩት ግን እርስዎ ነዎት።”

ዶክቤ ደነገጠ። “ሙት እንዲህ ይባላል?”

“በሕይወት ሳሉ ማን አስደፍሮኝ!”

ዶክቤ ተነሳና፣ ማንም ሳያዘው፣ አንድ ኩባያ ውሃ አምጥቶ እንስራው ውስጥ አፈሰሰ። ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ማልሱን ጨርቅ ፍለጋ ሄደች።