ሰው ጥሎት የሄደ አገር

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ አበበች ደወሉልኝ። ፌርፋክስ ላይ ያለው ምግብ ቤታቸው ግድግዳ ቀለም ሊቀባ ነው። የጀርመኑን ሥዕል ደግሞ የሠዓሊውን የዕድሜ ልክ ሥራዎች አሰባስቦ የሚያሳይ አንድ ሙዚየም ሊዋሰው ጠይቋል፤ የላከውን ፎርም እንድሞላላቸው ፈለጉ። «ስለሱ መጽሐፍ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ። ነኝ። ስለ እርሱ ሲጻፍ እስከ ዛሬ የምጠቀሰው እኔ ነኝ።

ጀርመናዊው ሠዓሊ ዲተር ሎስ አንጀለስ ሲመጣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የዶክትሬት ጥናቴም በእርሱ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ላይ ነበር። መኪና መንዳት ስለማይችል፣ ዌስት አዳምስ ከተከራየው ቤት በየማለዳው ወደ ግሌንዴል ኮረብቶች የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ደረቁ ነፋስ የሚነሳበት ወቅት ነበር፤ ሣሩ የአሮጌ ገለባ መልክ ይዞ ነበር። ዲተር እስከ ቀትር ቆሞ ይሥላል፤ ከዚያ የሣለውን በቢላ ይፍቀዋል። በማግስቱ በተፋቀው ላይ እንደገና ይሥላል። ለምን እንደሚፍቀው ስጠይቀው፣ የተወለደበት መንደር ለድንጋይ ከሰል ሲባል ተቆፍሮ እንደጠፋ፣ የእናቱ ጓሮ ዛሬ ጉድጓድ እንደሆነ ነገረኝ። ሰማሁ፤ አልጻፍኩትም። መምህሮቼ የሠዓሊ ሕይወት ወሬ ነው፣ ሥዕል ግን ቀለምና ብርሃን ነው ብለው አስተምረውኛል። የራሴን ሕይወት ማንም እንዲጠይቀኝ ስለማልፈልግ ትምህርቱ ተስማምቶኝ ነበር።

ምሳ የምንበላው እትዬ አበበች ዘንድ ነበር። ዲተር ሽሮን አንዴ ከወደደ ወዲያ ሌላ ምግብ አላዘዘም። «ጋዝ ጋዝ ይሸታል ሰውዬሽ! እጁን በሳሙና ይታጠብ በይልኝ» ይሉኝ ነበር እትዬ አበበች፣ የቀለም ማቅጠኛው ሲሸታቸው። ይህንን አንድም ቃል ሳልቀንስ እተረጉምለት ነበር።

ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዱን ሥዕል ለእትዬ አበበች ሰጣቸው። ዛፍ የሌለበት ገለባማ ኮረብታና ነጣ ያለ ሰማይ ነው።

«ፏፏቴ ቢጨምርበት ምን አለ?» አሉኝ እየሰቀሉት። «ከስተመሩ ደረቅ ተራራ እያየ ይበላል እንዴ?»

ያን ቀን ጋሼ ሰይድ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ፓርኪንግ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሥጋው ሙስሊም ያረደው ስላልሆነ ሁልጊዜ የጾም በያይነቱ ነበር የሚበሉት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆሙ።

«ይሄ ሰው ጥሎት የሄደ አገር ነው» አሉ። «መጀመሪያ ከብቱ ያልቃል፤ ከዚያ ሰዉ ይነቀላል። ሰዎቹ የት ገቡ? ጠይቂልኝ እስቲ ልጄ።»

ዲተር ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሉ?»

በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሰው ጉዳይ እንደሌለ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌ ነበር። አንድ ጡረተኛ በቆሙበት ሲያፈርሱት ሰማሁ። ምዕራፉ ከፈረሰ ጥናቱ አይቆምም፤ ጥናቱ ካልቆመ እኔ ምንም አይደለሁም።

«ቀለሙን ወደውታል» አልኩት። ለጋሼ ሰይድ ደግሞ «ያመሰግንዎታል» አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ሰይድ ወንበራቸውን አዙረው ለሥዕሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ይበሉ ጀመር። በአራተኛው ቀን እትዬ አበበች ትሪውን አስቀምጠው ዲተርን በእንግሊዝኛ ጠየቁት፤ ጋሼ ሰይድ ተቀይመዋል፣ ሰዎቹ የት ገቡ ብለው ቢጠይቁህ ለምን አመሰግናለሁ አልካቸው?

ዲተር አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ የንድፍ ደብተሩን ይዞ ወደ ጋሼ ሰይድ ጠረጴዛ ሄደ። እርሱ እየነደፈ ሲናገር እትዬ አበበች ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ያስተረጉማሉ። እኔ ከሽሮው ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

«ሶ፣ ቸርቹ እዚህ ጋ ነበር ይላል። ዳቦ ቤቱ እዚህ። ከዚያ መንግሥት መጣና ሁሉንም ዲግ አደረገው።»

«መቃብሩስ?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«እሱን እንኳ ቆፍረው አዛወሩት ይላል።»

«ተሻሉ! የኛዎቹማ እዚያው ሜዳ ላይ ናቸው።» ጋሼ ሰይድ እንጀራ ቆርሰው ጠቀለሉ። «ክፈት በይው አፉን።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጋዝ ጋዝ ይላል!»

«ይበል። አጉራሹ እኔ ነኝ።»

ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው እምብዛም አይንቀሳቀስም ነበር። ዲተር አልተቆጣም። «ጥናትሽን አንብቤዋለሁ» አለኝ። «በጥሩ ቋንቋ ተጽፏል። የጻፍሽው ግን ስለ ሌላ ሰው ሥዕሎች ነው።» እስኪሄድ ድረስ አብሮኝ ተሳፈረ፤ «ምን አሉ?» ብሎ ግን ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እኔም ከጥናቴ አንድ መስመር አልለወጥኩም። አለፈ፣ ታተመ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመምህርነት ወንበር አስገኘልኝ። ያ ሥዕል በመጽሐፌ ውስጥ «ርዕስ የሌለው» ተብሏል።

ሐሙስ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ ሰይድ ካረፉ ቆይተዋል። ከእትዬ አበበች ጋር ሥዕሉን አውርደን ስንገለብጠው፣ ጀርባው ላይ ፊደሉን እንደ ዛፍና እንደ አጥር እየሣለ በጻፈ ሰው እጅ አራት ቃላት በቡሩሽ ተጽፈው አየሁ፤ ሰው ጥሎት የሄደ አገር።

«ናፕኪን ላይ ጻፍኩለትና ፊደሉን እያየ ገለበጠው» አሉ። «አታውቂም ነበር እንዴ?»

አላውቅም ነበር። የሸራን ጀርባ ማየት በእኔ ሙያ የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ተማሪዎቼን በዚህ ጉዳይ ያለ ርኅራኄ እቀጣለሁ። እኔ ግን ያን ሥዕል እንዳልገለብጠው የሚከለክለኝ ነገር እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ዲተር ሥራውን በትክክል ያነበበለትን ሰው አግኝቶ ነበር፤ እርሱም እኔ አልነበርኩም።

ፎርሙ የሥዕሉን ርዕስና የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ይጠይቃል። የጋሼ ሰይድ ወንበር ላይ፣ ፊቴን ወደ ሥዕሉ አድርጌ ሞላሁት።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ እትዬ አበበች።

«ጋሼ ሰይድ ያሉትን» አልኳቸው።