ከጎታው ጀርባ የተሰጣው ጨርቅ

የነፍስ አባቴ ይቅር በዪው ይሉኛል። አልልም!

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በጣልያን ጊዜ፣ ከሮብ ገበያ በላይ፣ በዚያ በጮቄ ብርድ ነው። ባሌ ከአርበኞች ጋር ጫካ ስለነበር ጨርቅ የሚገዛልኝ አልነበረም። የሠርግ ኩታዬን ቀድጄ ሦስት የሽንት ጨርቅ ሰፋሁላት። ወገቡ ላይ ማሰሪያ አበጀሁለት፤ ስታድግ እንዲሰፋላት ደግሞ ሁለት ቦታ አጥፌ ሰፋሁት። አንዱን እጥፋት ስትድህ፣ ሌላውን ስትቆም ልተረትረው ነበር።

በኛ አገር ልጅ ክርስትና ሳይነሣ ጨርቁ ደጅ አይሰጣም፤ የሰው ዓይን ይፈራል። ስለዚህ አጥቤ ጓዳ፣ ከጎታው ጀርባ አሰጣው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጣልያን መኮንን ቤቴን ሊያስፈትሽ መጣ። አስተርጓሚው የዚሁ የጎጃም ሰው ነው። ጨርቆቹን ከጓዳ አወጣና ማሰሪያቸውን እየጎተተ ለመኮንኑ በቋንቋው አወራለት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «የሽፍታ ቁስል ማሰሪያ ደብቀሻል» አለኝ።

ልጄን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። «ሽንት ሽንት ይላል፤ አሽትተው እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። መኮንኑ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ አስጨመራቸው። አንድም እጥፋት ሳይተረተር ነደደ።

በጣልያኑ አልፈርድም፤ የኛን ወግ ከየት ያውቀዋል? ያ አስተርጓሚ ግን ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ፣ ለወለደች ሴት የሚባለውን በሹክሹክታ አለኝ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ያውቅ ነበር! የሱም እናት ጨርቁን ጓዳ ነው ያሰጣችለት። ያን ቀን አሜን አላልኩትም፤ ዛሬም አልል።