መልአክ አላየሁም

ጋሽ ቶሎሳ ኖቬምበር 16 ቀን 2024 ሲያርፉ፣ ልጃቸውን ሐዊን ካሜራ ማስተማር ጀምረው ገና አልጨረሱም ነበር። ግሮቭፖርት በምትባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና (ፎርክሊፍት) ይነዱ ነበር፤ በዕረፍታቸው ግን ከከተማ ወጣ ብለው አውሮራ የሚባለውን የሌሊት ሰማይ ብርሃን ፎቶ ያነሱ ነበር። በኦክቶበር ቀንቷቸው ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ቀይ ቅስት አነሱ።

በሳምንቱ እሑድ ለወዳጆቻቸው ያካፈሉት ያ ፎቶ በቤተ ክርስቲያናቸው ስክሪን ላይ ከመዝሙሩ ግጥም ጀርባ ብቅ አለ። ከዋክብቱ ጠፍተዋል፤ ቅስቱ መሐል ክንፋም መልአክ ቆሟል። ሕዝቡ እልል ሲል የጋሽ ቶሎሳ ደም ፈላ። መዝሙሩ እስኪያልቅ እንኳ ሳይታገሡ ስክሪኑን ወደሚቆጣጠረው ወደ ቢሩክ ሄዱ።

«ማን ንካው አለህ?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ኤዲት አድርጌው ነው። ሰው እኮ ተባረከ!»

«በውሸት ነው የሚባረከው? እግዚአብሔር የሠራው ሰማይ ጎድሎት አንተ ልትሞላለት?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ፓስተር ይሰማሉ።»

«ይስሙ!»

ከዚያ ወዲያ ያገኛቸው ሁሉ መልአኩን እንዴት እንዳዩ መድረክ ላይ ወጥተው እንዲመሰክሩ ይለምናቸው ጀመር። «አላየሁም» ሲሉ «አቤት ትሕትና!» ይሏቸዋል። ይሄኔ ይብስባቸዋል። በስማቸው የሐሰት ምስክርነት እየተሰጠ እንዴት ዝም ይበሉ?

በሞታቸው ዋዜማ ክሊቭላንድ አቬኑ ወዳለው ማተሚያ ቤት ሄደው ዋናውን ፎቶ አሳተሙ። «እንዳታደምቀው» ብለው አታሚውን አስጠነቀቁት። ከሥሩም «ይህ አውሮራ ነው፤ መልአክ አላየሁም። ቶሎሳ» ብለው ጻፉበትና በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በእጃቸው ሰቀሉት።